ምርቃት ከቁልፍ በፊት

«‹ልጅ የለኝም፤ ልጄ መንግሥት ነው› ይበሉ እማማ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ረጅም ንግግር አይጠበቅብዎትም።»

እንዲህ ያለቻት ከቢሮ የተላከችው አቢጊያ ናት። በቤቱ ርክክብ ቀን ገና በጠዋቱ መጥታ፣ ማድቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ እማማ አለምነሽን እንደ ሕፃን መዝሙር ታስጠናታለች። እኔ አጠገባቸው ብስኩት እየጠበስኩ ነበር። በንዴት ሊጡን ከላይ ወረወርኩትና ዘይቱ እጄ ላይ ተፈናጠረ። ልጅቷን ልክ ልኳን ልነግራት አፌን ስከፍት እማማ አለምነሽ በዓይኗ «ተይ» አለችኝ። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ደገመችላት፦ «ልጅ የለኝም፤ ልጄ መንግሥት ነው።» አቢጊያ «ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበችላት እኮ! ያቺን የምታክል ባልቴት፣ ጂንካን አንድ ፍሬ መንደር ሳለች ጀምሮ የምታውቅ ሴት፣ «ጎበዝ» ተብሎ ሲጨበጨብላት ቆሜ አየሁ። አቢጊያ ክፉ ልጅ አይደለችም። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ከርማ ዘንድሮ የተቀጠረች ናት፤ አድርጊ የተባለችውን ታደርጋለች። እኔን የሚያናድደኝ ግን ይኸው ነው። ሁሉም የተባለውን ነው የሚያደርገው።

እማማ አለምነሽ ልጅ አላት። ታሪኩ ይባላል፤ አንድ ለእናቱ ነው። ይባስ ብሎ የሚሠራው እዚያው አቢጊያን የላካት ቢሮ ውስጥ ነው፣ ካሜራ ያዥ ሆኖ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ከእኔ አፍ አይወጣም፤ የምኖረውም ብስኩት የምሸጠውም እዚሁ ከተማ ነው። ኃላፊው አቶ ሽመልስ በቅርቡ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለመጣ እናትና ልጅ መሆናቸውን አያውቅም። ሠፈሩ ግን አንድ ሳይቀር ያውቃል፤ አንድ ሳይቀርም አፉን ይዟል። መስፈርት የሚሉት ነገር አለና። ቢሮው ቤት የሚያድሰው ጧሪ ለሌለው ሽማግሌና ባልቴት ብቻ ነው፤ ደሞዝ የሚበላ ልጅ ያለው አይመዘገብም። ታሪኩ «እናቴ ናት» ብሎ አንዲት ቃል ከተነፈሰ ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

ደሞዝ አለው፣ አልዋሽም። ከሚስቱ ከምስጋናና ከሁለት ልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ፍራሹ ከተዘረጋ በሩ አይከፈትም። አከራያቸው ደስ ባለው ጊዜ ይጨምርባቸዋል። ዘይት፣ ጤፍ፣ የልጆች ደብተር... የዘይቱን እኔን ጠይቁኝ፣ ዋጋውን ስጠራው ምላሴን ያቃጥለኛል። ደሞዙ ራሱ አንዳንዴ ወሩ አልፎም አይመጣም። ይኼ ልጅ እንግዲህ ጧሪ ተብሎ ይቆጠራል! ሰኔ ላይ፣ አንድ እሁድ ከቸርች ሲመለስ እናቱ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ነበርኩ። አቀርቅሮም «እማዬ፣ እኔን ካነሳሽ ቤቱ አይሠራልሽም» አላት። «አንተን ካላነሳሁ ማንን ላነሳ ነው?» አለችው። ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈስሳል፤ እሷም ጆጎዋን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውር ቆየች። በመጨረሻ «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ። ከዚያ ሙዝ ልጣ ሰጠችው፤ እሱም በላ።

ሐምሌ ሲገባ መጡ። ወይ አመጣጥ! መኪናው፣ ድምፅ ማጉያው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰው ሰው! አቶ ሽመልስ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በመዶሻ ነቀለና ተጨበጨበለት። ታሪኩ የአባቱ ጣሪያ ሲነቀል ከሥር ቆሞ ቀረጸ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለቱ ክፍል መሬት ሆነ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ እነሱም መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ሄዱ አልኳችሁ! ክረምት ሲገባ ቤት የሚያፈርስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የእማማ አለምነሽ ቤት ያፈስ ነበር፤ የሚያፈስ ቤት ግን ቤት ነው። ከጓዳ በኩል ያለችውን ክፍል ከገዘር ከተማ ለሚመጡ ተማሪዎች ታከራይ ነበር፤ ጨውና በርበሬዋ የሚመጣው ከዚያች ክፍል ነው። ያቺም አብራ ሄደች። ክረምቱን እኔ ማድቤት ውስጥ፣ ከከሰሉ ጆንያና ከዘይት ጀሪካኑ መካከል አደረች። እኔ ገና ሳይነጋ እሳት ስለማነድ ጭሱ ያፍናት ነበር። አሁን ሳሏ ከእኔ በፊት ይነቃል። ወደ ዋናው ቤት ግቢ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! «አንቺም ልጆች አሉሽ፣ አላጣብብም» ትለኛለች። አንቺ እየተባባልን ነው የምንኖረው፤ ጉርብትናችን ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ታሪኩ በራት ሰዓት እየመጣ ያያት ነበር። ዳቦ ይይዛል፣ አንዳንዴ የሳል ሽሮፕ። ከሰሉ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ፍራሿ ላይ። አንድም ቀን ስለ ቤቱ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። «ልጆቹ?» ትለዋለች። «ደኅና ናቸው» ይላታል። ከዚያ ሁለቱም የእኔን ምድጃ ያያሉ። ሲሄድ እስከ አጥሩ ሸኝቼ አንድ ቀን «አንተ፣ አታፍርም?» አልኩት። «ኢየሩስ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ጫማው አፉን ከፍቶ ውኃ ያስገባል፤ በዚያ ጫማ የቆመን ሰው ምን ብዬ ልቆጣው? እሱን ትቼ ወደ ቤት ስመለስ መስፈርቱን የጻፈውን ሰው ረገምኩ። ማን እንደሆነ ባላውቅም።

ጳጉሜን ሲገባ ነው እንግዲህ ነገሩ የተፋፋመው። ዓመቱ ሳያልቅ ሪፖርት ይፈለጋል አሉ። ሠራተኛ መጣ፣ ማገር ተመታ፣ ፊት ለፊቱ ተመርጎ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ጎኑና ጀርባው እንኳን ቀለም ምርጊትም በቅጡ አልነካው። ወለሉ አፈር ነው። ሁለት ክፍል የነበረው አንድ ሆነ፤ የድሮው ቆርቆሮና በር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኔ ይኼን አይቼ ስንጨረጨር እማማ አለምነሽ በመስኮቱ አጮልቃ አየችና «አያፈስም» አለች። ደስ ብሏት እኮ ነው! አናደደችኝ። «ምኑ ነው ደስ የሚለው? ጓዳሽ የት አለ?» ብዬ ጮህኩባት። ያኔ እጄን ያዘችና፣ «ኢየሩስ፣ እኔ እንግዲህ ምን ቀረኝ? ሬሳዬ ከሰው ማድቤት እንዳይወጣ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ አንድ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ይቺ ክፍል፣ እንዳለች፣ ለእሷ ትሁንላት ብዬ ዝም አልኩ።

ርክክቡን ያደረጉት ቅዳሜ ነው፣ በገበያ ቀን። የሣምንቱን ብስኩት የምሸጥበት ቀን መሆኑን ማን ይጠይቀኛል? ከካኮ መንገድ የሚመጣው፣ ከገዘር በሚኒባስ የሚወርደው ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ እኔ ግን ድስቴን ትቼ ለባልቴት ልብስ እቀይራለሁ። አቢጊያ ያመጣችው ነጭ ቲሸርት ደረቱ ላይ «አረጋውያን ሀብቶቻችን ናቸው» ይላል። ለአንድ ጎረምሳ የተሰፋ ነው፤ እማማ አለምነሽን እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ከላይ ነጠላዋን ላልብሳት ስል አቢጊያ «ጽሑፉ እንዳይሸፈን» አለችኝ። በዚያ ብርድ! ዕድሜዋን ሙሉ ቱሪስት የሚያድርበት ሆቴል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ሆቴሉ ፎቅ ሆነ፣ የእሷ ጣቶች ተቆላምመው ቀሩ። ጡረታ የለ፣ ምን የለ። ኦሞ ወንዝ አካባቢ ያሉት ሰዎች ቱሪስት ካሜራ ሲያነሳባቸው «መጀመሪያ ክፈል» ይላሉ፤ የእኛ ከተማ ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ግን ያን ቀን ልክ ናቸው አልኩ። የእኛን ባልቴት ቢሮው በነፃ ነው ያነሳት።

ሦስት ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። ሦስት ሰዓት ማለት ለእነሱ ስድስት ሰዓት ነው። ድንኳኑ ሥር ያሉት ባለመደገፊያ ወንበሮች የባለሥልጣን ናቸው፤ ውኃውም በላስቲክ እንደታሸገ እዚያ ፊት ተደርድሯል። እማማ አለምነሽን ከሰማያዊው ግድግዳ ፊት፣ ከድንኳኑ ውጪ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጧት፤ ለካሜራ ያመቻል ተብሎ። አንዴ ካፊያው ይመጣል፣ አንዴ ፀሐዩ ይወጣል። ጃንጥላ ልይዝላት ብሄድ «ፍሬሙን ያበላሻል» አሉኝ። ማን እንዳለኝ ልንገራችሁ? ታሪኩ ነው። ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመና በመስታወቱ እናቱን አየ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፦

«እማማ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉልን።»

ይበሉልን! የገዛ እናቱን! ሠፈርተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እማማ አለምነሽ ልጇን ቀና ብላ አየችው። ረጋ ብላ ነው ያየችው። ከዚያ በርጩማውን በእጇ ይዛ ወደ ግራ ተጠጋች። እኔ ያን ጊዜ አልቅሼ ይሁን ተሳድቤ አላስታውስም፤ አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ መስከረም ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።

አቶ ሽመልስ መጣና ተናገረ። ስለ ዕቅድ አፈጻጸም፣ ስለ ቅንጅታዊ አሠራር፣ ስለ ሰው ተኮር ሥራ። ቁልፉን በቀይ ሪባን አስሮ እጁ ላይ ያወዛውዘዋል። «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እናታችን» አለ። አንዴ ብሎ መች ተወው፣ ደጋገመው። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እናታችን ሲል ድምፅ ማጉያው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ያስተጋባል፤ ልጇ እዚያው ፊቷ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀርጻል። ቀባሪ የላትም ይላል እንዴ ሰው በቁሟ? እኛ የት ሄደን? ዕድሯን ሳታቋርጥ የምትከፍል ሴት ናት። ለሞቷ ተዘጋጅታ ለኑሮዋ ነው ሰው ያጣችው።

ከዚያ ማይኩ ተሰጣት። አቢጊያ ከጎኗ ተንበርክካ በጆሮዋ አስታወሰቻት። እማማ አለምነሽ «ልጅ የለኝም» አለችና አቆመች። የቀረችውን አልጨመረችም። አቢጊያ በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ እሷ ግን አፏን ገጥማ ቀረች። ሰው አላስተዋለም፣ አጨበጨበ። አቶ ሽመልስም እየሳቀ ቁልፉን ወደ ላይ አነሳና «እሺ! ከቁልፉ በፊት ምርቃት! እናታችን ይመርቁናል፣ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ» አለ።

እጅ ተዘረጋ። መቼም እኛ አገር ምርቃት ሲባል ማን ይሰማል? ሰው እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉን ያያል፣ አሜኑን ጉሮሮው ላይ ያዘጋጃል። አፉ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልቡ ገበያ ላይ ነው፣ ሽንኩርት ስንት ገባ እያለ። እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። እማማ አለምነሽ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ዝናሙን የበረከት ያድርግልን።»

«አሜን!»

«የወጣው በሰላም ይግባ።»

«አሜን!»

«ዕድሜ ይስጣችሁ። እስክታረጁ ያኑራችሁ።»

«አሜን!»

«ስታረጁም እንደኔ አርጁ።»

«አሜን!» እኔም ብያለሁ፣ እግዜር ይይልኝ! ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ቀና ብዬ አየኋት። ድምፏ ያው የምርቃት ድምፅ ነው፣ ለስላሳ፣ እየተዜመ የሚወጣ። ፊቷ ላይ ግን የማላውቀው ነገር አለ። ሰው ሁሉ መዳፉን እያየ ነው። አቶ ሽመልስ ከሁሉ በላይ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቁልፉ ከጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እኔ የበላሁትን ጡረታ ብሉ።»

«አሜን!»

«እኔ ክረምቱን ያደርኩበትን ቤት አይንፈጋችሁ።»

«አሜን!» አለ አቶ ሽመልስ፣ ድምፁ ከሁሉ ደምቆ። መስከረም ሳቋን ልታፍን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኔ አልሳቅኩም። እማማ አለምነሽ ስትናደድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየኋት። ከሠፈሩ ሰው አንድ ሁለቱ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የቢሮዎቹ ግን አንዳቸውም አልነቁም። «ይበቃል፣ ቁልፉን ተቀበይ» አልኩ በሆዴ፤ «ተቀበይና ግቢ፣ የቀረውን ውስጥ ሆነሽ ትረግሚያቸዋለሽ።» እሷ ግን ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች።

«የወለዳችሁት ልጅ፣ ፊታችሁ ቆሞ፣ በሰው ፊት አይወቃችሁ።»

«አሜ...»

«እማዬ፣ ተይ!»

ጩኸቱ የሁሉንም አሜን ቆረጠው። ታሪኩ ነው። ካሜራውን እንደቆመ ትቶት መጥቷል፤ ሳያስበው በሁለት እርምጃ እናቱ ጋ ደርሷል። ማይኩ እጇ ላይ ስለነበር «እማዬ» ያለው በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ገበያተኛው ሁሉ ሰማው። ከአጥሩ ውጪ ያለፉትም ቆሙ። አቶ ሽመልስ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ሳቅ አለ፣ ሰው ማንንም ባልቴት እማዬ ይላልና። ከዚያ ታሪኩ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን እንዳቀፈ፣ ቲሸርቷ ውስጥ ፊቱን እንደቀበረ አየ። ሳቁ ጠፋ።

«ታሪኩ፣ ምንህ ናቸው?»

ዝም በል! አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልል አልቀርም። ጎረቤቴ ናት በል፣ አሳዘነችኝ በል፣ አምላክ ምላስ የሰጠህ ለምን ሆነና!

«እናቴ ናት» አለ ታሪኩ።

አቶ ሽመልስ አቢጊያን አየ። አቢጊያ መሬቱን አየች። ድንኳኑ ሥር ካሉት አንዱ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀና ቁልፉን ከነሪባኑ መዳፉ ውስጥ ጠቅልሎ ያዘ። «ይህ ይጣራል» አለ። «ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ይቆማል። አቢጊያ፣ በሩ መቆለፉን አረጋግጪ።»

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ምኑ ነው የሚጣራው?» ብዬ መሃል ገባሁ። «ቦታው የእሷ! ያፈረሳችሁት ቤት የእሷ! ቆርቆሮዋን የት አደረሳችሁት? ልጅ መውለድ ወንጀል ነው? ነው ወይስ መጀመሪያ ገድላችሁላት ነው ቤት የምትሰጧት?» ብዙ ብያለሁ፣ ሁሉም እዚህ የሚነገር አይደለም። ማን ይሰማኛል! ወንበሩን ማጣጠፍ፣ ውኃውን ወደ መኪና ማመላለስ ጀምረዋል። ሠፈርተኛው ከኋላዬ ያጉረመርማል፣ አንድም ሰው ግን አልፎ አልመጣም። ካሜራው ባዶውን ሰማያዊ ግድግዳ እየቀረጸ ቆሟል።

እማማ አለምነሽ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ልጇ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ «ይቅር በይኝ እማዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለ ይንሰቀሰቃል። እጇን አላሳረፈችበትም። የምታየው አቶ ሽመልስን ነው። ወደ መኪናው ሲራመድ፣ ቁልፉን ኪሱ ሲከት፣ በሩ ሲዘጋ፣ መኪናው ገበያተኛውን በክላክስ እየበተነ ሲወርድ፣ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ቁልፉን እስክጨብጥ ብትታገሥ ምን ነበረበት?»